አቼቶና ሎሚ በተክል ውሃ ላይ፦ ለየትኛው ይሆናል? ስንትስ ይጨመራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባቱ አካባቢ ነው፤ የማጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። ፖቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል። በፖት የተከልኩት ሎሚ አዲስ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ስፓይደር ፕላንቱ ደግሞ ጫፍ ጫፉ እያረረ ነው። ውሃው ላይ አቼቶ ጨምሪበት አሉኝ። ስንት ልጨምር?

መልስ፦ ሁለቱን ተክሎች የጎዳቸው የተለያየ ነገር ነው። አቼቶ የሚጠቅመው ለሎሚው ብቻ ነው፤ ስፓይደር ፕላንቱን እንዲያውም ሊያብስበት ይችላል።

ከሎሚው እንነሳ። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በውሃው ያለው ባይካርቦኔት (አሲድን የሚያከሽፍ የሟሟ ጨው) የአፈሩን ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ 7 መሐል ነው፣ ከዚያ በታች ኮምጣጣ) ከ7 በላይ ሲያወጣው ይታሰርና ሥሩ ሊስበው አይችልም። ቢጫ የሆነው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከሆነ ግን የናይትሮጅን ማነስ ወይም የውሃ መብዛት ነውና አሲዱን ይተዉት።

መጠኑን የሚወስነው ባይካርቦኔቱ እንጂ የፒኤች ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ሁለት ውሃዎች እኩል 8 ቢያነቡም አንዱ በጥቂት ጠብታ ሲወርድ ሌላው ብዙ ሚሊ ሊትር ይጠጣል። ስለዚህ የጎረቤት ልክ አይሠራም። 1 ሊትር ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዙ፤ በሲሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር አቼቶ (5 በመቶ የሚለውን) ጨምረው ይወዝውዙ፣ 5 ደቂቃ ቆይተው በፒኤች ወረቀት ይለኩ። 6 አካባቢ እስኪደርስ በግማሽ በግማሽ ሚሊ ሊትር ይቀጥሉ። ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ በሊትር ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ሊፈልግ ይችላል፤ 3 ከሆነ ለ20 ሊትር ጀሪካን 60 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከ5.5 በታች አያውርዱት፤ ባይካርቦኔቱ ካለቀ በኋላ ቁጥሩ በትንሽ ጭማሪ ቁልቁል ይወርዳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢያገኙት ከባይካርቦኔቱ የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ወጥቶ ነው፣ አይጨምሩበት። በቆርቆሮ ዕቃ አይበጥብጡ፣ አሲዱ ዚንኩን ያሟሟዋል። የበጠበጡትን በዕለቱ ይጨርሱት፤ ካደረ ያሟልጫል።

የሎሚ ጭማቂም ይሆናል፤ ለተመሳሳይ ውሃ በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ግድም፣ በጨርቅ ተጠልሎ። ሲትሪክ አሲድ ዱቄት ካገኙ ለ10 ሊትር 2 ግራም ያህል ይጀምሩና ይለኩ።

የእነዚህ ሁሉ ድክመት አንድ ነው። አቼቶንም ሲትሪክንም የአፈር ባክቴሪያ በጥቂት ቀን ይበላቸዋል፤ ሲበላቸው ባይካርቦኔቱ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ውጤቱ ጊዜያዊ ነው። ለሎሚው ዘላቂ የሚሆነው በወር አንዴ 1 ግራም ዩሪያ በ1 ሊትር ውሃ ነው፤ ናይትሮጅኑ አፈር ውስጥ ሲለወጥ ራሱ አሲድ ይሠራል። ቢጫው ከበረታ ኢዲዲኤችኤ የሚል የተጻፈበት የብረት ማዳበሪያ ይግዙ፤ ኢዲቲኤ የሚለው ፒኤች ከፍ ሲል ጉልበት ያጣል።

ስፓይደር ፕላንት (ድራሴናም እንዲሁ) ፍሎራይድ አይችልም። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ፍሎራይድና ሶዲየም ይበዛበታል። አሲድ ሁለቱንም አያስወጣም፤ አፈሩ ሲኮመጥጥ እንዲያውም ተክሉ ፍሎራይዱን የበለጠ ይስበዋል። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ጨዉ ይወፍራል። መፍትሔው የክረምት ዝናብ ውሃ ነው፦ የመጀመሪያውን የጣሪያ እጥበት ደፍተው ቀጣዩን ያጠራቅሙ። ከዚያ የፖቱን ሁለት እጥፍ የሚሆን የዝናብ ውሃ ቀስ እያሉ ያሳልፉበትና ከሥር የወጣውን ይድፉት፤ ሳህኑ ላይ ከተዉት ተመልሶ ይመጠጣል።

የባትሪ አሲድ አይሞክሩ፤ ያገለገለው እርሳስ አለበት፣ አዲሱም ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። የሽንት ቤት ማጽጃም ኮካም አይሆኑም። የቡና አተላ ብዙ ሰው ይደፋል፤ ነገር ግን ኮምጣጣው አብዛኛው በስኒው ሄዷል፣ የሚቀረው ትንኝ መሰብሰብ ነው። አቼቶና በረኪና በአንድ ዕቃ አይገናኙ፣ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ያረረው ጫፍ አይመለስም፤ በመቀስ ይቁረጡትና አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ይመልከቱ። ሎሚውም ላይ እንዲሁ አዲሱን ቡቃያ ይከታተሉ።