የገበያ ደብተር ወደ ግራፍ ሲለወጥ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ መምህርት ነኝ። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከገበያ በተመለስሁ ቁጥር የጤፍን፣ የቅቤንና የእንቁላልን ዋጋ፣ እንዲሁም የቤታችንን ወጪ በደብተር ስመዘግብ ቆይቻለሁ። ሁለቱን ዓመታት ስጨርስ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር አስገብቼ ግራፍ ሠራሁና በቴሌግራም ለወዳጆቼ ላክሁ። አንዱ ባልደረባዬ «ጤፍ ሦስት እጥፍ የጨመረ አስመሰልሽው» ሲል ወቀሰኝ፤ እኅቴ ደግሞ ጳጉሜን ላይ ወጪያችን ለምን እንዲያ እንዳሽቆለቆለ ጠየቀችኝ። የቅቤው ግራፍ ይባስ ብሎ ሁለቱ ዓመታት ፈጽሞ የማይገጥሙ አድርጎ ያሳያል። ቁጥሮቹን ደጋግሜ አመሳክሬአለሁ፤ ስሕተት የለባቸውም። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ሥዕሉ እንዴት ሊሳሳት ይችላል?

መልስ፦ የላኩልንን ግራፎች ከደብተርዎ ገጾች ጋር አስተያይተን ተመልክተናቸዋል። ሁለት ዓመት ሳያቋርጡ መመዝገብዎ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው፤ የቀረው እርማት ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

በጤፉ እንጀምር። ጤፉን ያሳዩት በባር ግራፍ ሲሆን፣ ባር ግራፍ ደግሞ የሚነበበው በቁመቱ ነው። ኮምፒውተሩ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ቋሚውን ዘንግ ከዜሮ ሳይሆን ከመካከል አስጀምሮታል። ይህ ምን እንደሚያደርግ በቀላል ቁጥር ለማየት፣ 100 ብር የነበረ ዕቃ 110 ብር ገባ እንበል። ዘንጉ ከ95 ከጀመረ የመጀመሪያው ባር 5፣ ሁለተኛው 15 ቁመት ይኖራቸዋልና ከመቶ አሥር ብቻ የጨመረው ዋጋ ለዓይን ሦስት እጥፍ ሆኖ ይታያል። ባልደረባዎ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ወቀሳቸውም ተገቢ ነው። ባር ሲጠቀሙ ምንጊዜም ከዜሮ ይጀምሩ። የዋጋን አካሄድ ማሳየት ከፈለጉ ግን መስመር ግራፍ ይሻላል፤ መስመር የሚነበበው በመውጣትና በመውረዱ ስለሆነ ከዜሮ መጀመር ግዴታው አይደለም፣ ዘንጉ ከየት እንደሚነሣ በግልጽ እስከተጻፈ ድረስ።

እኅትዎ የጠየቁት ጳጉሜንን ነው። የወር ወጪን ደምሮ ማሳየት ለ12ቱ ወራት ይሠራል፤ ሁሉም 30 ቀን ናቸውና። ጳጉሜን ግን 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ናት። በቀን 100 ብር የሚያወጣ ቤት በወር 3,000 ብር ሲያወጣ በጳጉሜን 500 ብር ብቻ ስለሚያወጣ፣ ኑሮው ሳይለወጥ ግራፉ ገደል ይገባል። ድምሩን ለወሩ ቀናት ያካፍሉና የቀን አማካይ ወጪን ያሳዩ፤ ያን ጊዜ ጳጉሜን ከእኅቶቿ ጋር እኩል ትቆማለች። አንዳንዶች ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ይደባልቋታል፤ እኔ ይህን አልመክርም፣ ምክንያቱም ለዘመን መለወጫ የምንገዛው ሁሉ በእነዚያ ቀናት ላይ የሚያርፍ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ የተሰወረ ችግር አግኝተናል። የካቲት 17 ቀን 2017ን በሰንጠረዡ ውስጥ 17/6/2017 ብለው ጽፈውታል። ኤክሴልም ሆነ ጉግል ሺትስ ይህን የሚያነቡት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ቀኑን የጁን 17 አድርገውታል፣ ይህም በእኛ ሰኔ 10 ቀን 2009 መሆኑ ነው። ጳጉሜን ሲደርስ ደግሞ 13ኛ ወር ስለማያውቁ፣ ወይ ቀኑንና ወሩን ገልብጠው ለምሳሌ ጳጉሜን 5ን ሜይ 13 ያደርጉታል፣ ወይ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥረው ከተራው ያወጡታል። መፍትሔው የእኛን ቀን በቃል «የካቲት 17» ብሎ በአንድ ዓምድ ማስፈር፣ ከጎኑ ደግሞ የገበያ ቀናቱን 1፣ 2፣ 3 እያሉ በተራ መቁጠርና ግራፉን በዚህ ተራ ቁጥር መሥራት ነው።

አሁን ወደ ቅቤው እንምጣ፤ ከላኩልን ሁሉ እጅግ ደስ ያሰኘን እርሱ ነውና። በ2016ቱ መስመር ዋጋው መውረድ የጀመረው በመጋቢት መግቢያ ሲሆን በ2017ቱ ግን ገና በየካቲት አጋማሽ ነው። እርስዎ ይህን እንደ አለመግጠም ቆጠሩት። ይሁን እንጂ በ2016 ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ሲሆን ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር፤ በ2017 ደግሞ ጾሙ የካቲት 17 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። ልዩነቱ ልክ 15 ቀን ነው። ቅቤ ገዢው በጾሙ 55 ቀናት እጁን የሚሰበስበው የወሩን ስም አይቶ አይደለምና፣ ግራፉም በወር ስም መደርደር አልነበረበትም። በአግድም ዘንግ ላይ መካከለኛውን ነጥብ «ፋሲካ» ብለው ይሰይሙ፤ ወደ ግራ «ፋሲካ ሊገባ 1 ሳምንት፣ 2 ሳምንት» እያሉ፣ ወደ ቀኝም እንዲሁ እየቆጠሩ ሁለቱን ዓመታት በአንድ ወረቀት ላይ ይሣሉ። እኛ በደብተርዎ ቁጥሮች ሞክረነው ሁለቱ መስመሮች በጾሙ መግቢያ አብረው ወርደው፣ በሕማማት ሳምንት አብረው ቀና ሲሉ አይተናል። ይህ የዓመቱን የግማሽ ክፍል ብቻ የሚመለከት መሆኑን ግን አይዘንጉ፤ ጾመ ፍልሰታ ሁልጊዜ ነሐሴ 1 ስለሚገባ ለእርሱ የተለመደው የቀን አደራደር ትክክለኛው ነው።

በደብተርዎ ውስጥ ስለ መለኪያ የተጻፈው ጥቂት መሆኑ ግን አሳስቦናል። ጤፉ ነጭ ነው ወይስ ሠርገኛ? በኩንታል ነው ወይስ በቁና? ቁና ከገበያ ገበያ ይለያያልና በኪሎ ካልተመነዘረ የደብረ ማርቆሱን ከደጀኑ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ቅቤም ለጋውና በሳሉ አንድ ዋጋ የላቸውም። ከአሁን በኋላ ከእያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ ዓይነቱንና መለኪያውን አንድ አንድ ቃል ያክሉ፤ የጎደለውን ግን በግምት አይሙሉት፣ መስመሩ በዚያ ቦታ ተቋርጦ ይታይ።

ዋጋ ለብቻው ስለ ኑሮ የሚናገረው ጥቂት መሆኑን ከረጅም ጊዜ በፊት የተረዳ ሰው ነበር። መስመርንና ባርን ለኢኮኖሚ ቁጥር በማዋል የሚታወቀው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር በ1821 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ግራፍ የስንዴን ዋጋ በባር፣ የሠራተኛን የሳምንት ደመወዝ በመስመር አድርጎ በአንድ ገጽ ላይ አስተያይቷቸዋል። እርስዎም አንድ ኩንታል ጤፍ የስንት ቀን ደመወዝዎ እንደሆነ አስልተው ቢያሳዩ፣ በብር ከተጻፈው ይልቅ ለወዳጆችዎ የሚቀርባቸው ያ ይመስለኛል።

ስለ ማካፈሉም ጥቂት እንበል። ሥዕል በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከሥሩ የጻፉት ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ስለዚህ ቦታው፣ ዘመኑ፣ መለኪያውና «ከአንድ ቤተሰብ ደብተር የተወሰደ» የሚለው ቃል በራሱ በሥዕሉ ላይ ይጻፍ። እንደ ፎቶ ከላኩት ጥራቱ ስለሚቀንስ እንደ ፋይል ይላኩት። ፊደላችን ባዶ ሣጥን ሆኖ የወጣብዎት የመረጡት የፊደል ዓይነት ግዕዝን ስለማያውቅ ነውና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም ኒያላን ይምረጡ። ሁለቱን ዓመታት በቀይና በአረንጓዴ መለየትዎንም ይተዉት፤ እነዚህን ሁለት ቀለማት መለየት የሚያስቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። አንዱን መስመር ድፍን፣ ሌላውን ነጠብጣብ ቢያደርጉት በፎቶ ኮፒም ይነበባል።

ጥያቄ፦ በቡሬ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። መዋጮ የሚያዘገዩ አባላት ስለበዙ፣ ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ በስም የሚያሳይ ግራፍ ሠርቼ በስብሰባ ላይ ልለጥፍ አስቤአለሁ። ምክርዎ ምንድን ነው?

መልስ፦ በስም አይለጥፉት። ወር ሙሉ ታሞ የተኛና ሆን ብሎ የዘገየ ሰው በግራፍ ላይ አንድ ቁመት ያለው ባር ይሆናሉ፤ አንዴ የተለጠፈ ስም ደግሞ ስልክ በያዘ ሁሉ ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል። ለስብሰባው የሚያስፈልገው በየወሩ ስንት አባል በጊዜው እንደከፈለና በካዝናው ያለው ገንዘብ ስንት ሐዘንተኛ ቤት ሊደርስ እንደሚችል ነው፤ ይህንን በሰፊ ወረቀት ላይ በእጅ ሣሉት፣ ሽማግሌዎቹም ከሩቅ ያነቡታል። ስማቸው ያለበት መዝገብ በእርስዎና በዕድሩ ዳኛ እጅ ይቆይ፤ ያዘገየውን በየቤቱ ሄዶ ማነጋገር የዳኛው ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ተማሪ ነኝ። የእንቅልፌን ሰዓት እየመዘገብሁ ግራፍ ስሠራ የማታው 4 ሰዓትና የጠዋቱ 4 ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ይወድቁብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቆጠራህን ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምረህ እርሱን 0 በለው። የማታው 4 ሰዓት 10 ይሆናል፣ የንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 18፤ እንቅልፍህም ሳይቆራረጥ በመካከል ይሰፍራል፣ ስምንት ሰዓት መተኛትህንም በመቀነስ ብቻ ታገኘዋለህ። ግራፉ ካለቀ በኋላ 10 ባለበት ቦታ «ማታ 4»፣ 18 ባለበት «ንጋት 12» ብለህ ጻፍ፤ አንባቢህ የሚያውቀው ሰዓት እርሱ ነው።