«ሆቴሉ ከባሕሩ ምን ያህል ይርቃል?»

ጥያቄ፦ ጀርመን የምኖር ነርስ ነኝ። ከተጋባን 6 ዓመታችን ነው፤ የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። አንድም ጊዜ ዕረፍት ወጥተን አናውቅም። ዘንድሮ ለባለቤቴ ሰርፕራይዝ ብዬ ግሪክ፣ ኮስ ደሴት ላይ ሆቴል ያዝኩ። ነርሲንግ ስማር ጀምሮ እዚያ ያለውን፣ የሕክምና አባት የሚባለውን የሂፖክራተስን ዛፍ ማየት እመኝ ነበር። ስነግረው «ሆቴሉ ከባሕሩ ምን ያህል ይርቃል?» ብቻ አለኝ። «ሃምሳ ሜትር!» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። ለልጃችን የገዛሁትን ብርቱካንማ የመዋኛ ጃኬት እንኳ ሳይነግረኝ ሱቅ ወስዶ መለሰው። ለ20 ዩሮ! እሱ ግሪክን ያውቃታል፤ በ2015 በዚያ በኩል ነው የመጣው። እንግዳ ሲመጣ እያሳቀ ያወራዋል። እኔስ መቼ ልያት? ቆጣቢነቱ ሰለቸኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቆጣቢ ነው ትያለሽ። ግን ባለቤትሽ ስለ ዋጋ የተናገረው አንድም ቃል የለም። «ተወደደ» አላለም። የጠየቀሽ ስለ ባሕሩ ነው።

«በዚያ በኩል ነው የመጣው» ብለሽ በግማሽ መስመር ያለፍሽው ላይ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ኮስ ከቱርክ ጠረፍ የምትርቀው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2015 ብዙ ሺህ ሰው ከቱርኳ ቦድሩም ከተማ አካባቢ በጎማ ጀልባ እየተሻገረ ቱሪስት በሚዝናናበት ዳርቻ ይወርድ ነበር። ተሻግረው ያወለቋቸው የመንሳፈፊያ ጃኬቶች በደሴቶቹ ዳርቻ ተከምረው ነበር። ብዙዎቹ ብርቱካንማ ነበሩ። ባለቤትሽ የትኛው ደሴት ላይ እንደወረደ አልጻፍሽልኝም። ምናልባት አልጠየቅሽውም።

በዚያ መንገድ የመጡ ወንዶች እኔ ጋ ሲመጡም መጀመሪያ የሚነግሩኝ የሚያስቀውን ነው። ደላላው እንዴት እንዳሞኛቸው። ጫማ ጠፍቶባቸው በካልሲ ድንበር እንዳቋረጡ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ሁሉም ስለሚስቅ ማንም «ከዚያስ?» አይልም። ቀልዱ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ሚስትም አሥር ጊዜ ስለሰማችው ታሪኩን የምታውቅ ይመስላታል። የሰማችው ግን ቀልዱን ነው። ጀልባው ላይ ከጎኑ ማን እንደነበር፣ ሞተሩ ሲጠፋ ማን ምን እንዳለ ቀልዱ ውስጥ የለም። እና አንድ ቀን የገዛ ልጁ ያንኑ ቀለም ጃኬት ለብሶ ሶፋ ላይ ሲዘል ቢያይስ? ምን ብሎ ይነግርሻል? አውልቆ ሱቅ መመለስ ይቀለዋል።

ልሳሳት እችላለሁ። ባሕር የማይወድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። ግን አንቺ ነርስ ነሽ። በሽተኛ «እዚህ ጋ አትንኪኝ» ሲልሽ ስስታም ነው አትይም።

ሰርፕራይዙም፣ አትቀየሚኝና፣ ለሱ መፈናፈኛ አልተወለትም። እምቢ ቢል ያንቺን ደስታ ያበላሻል፤ እሺ ቢል የራሱን እንቅልፍ። ዝም አለ። ድካምሽ ግን እውነት ነው፤ 6 ዓመት ያለ ዕረፍት መሥራት ቀልድ አይደለም። ዕረፍቱ ይገባሻል። ጥያቄው ቦታው ላይ ነው።

«ቆጣቢ» ብለሽው ከሆነ መጀመሪያ ያንን ስም ከላዩ አንሺለት። ከዚያ ልጁ ከተኛ በኋላ አጠገቡ ተቀምጠሽ «ኮስ ይከብድሃል? ሌላ ቦታ እንሂድ?» በይው። በቃ። ታሪኩን ካልነገርከኝ ብለሽ አታፋጥጪው። ዝም ካለ ዝም በይ፤ ሻይ አፍዪ። ሳምንትም ወርም ሊፈጅ ይችላል። እንቅልፍ የሚያጣ ወይም ሌሊት የሚባንን ከሆነ ግን ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ቢነጋገር ይሻላል። ጀርመን ውስጥ ለስደተኞች በአስተርጓሚ ጭምር የሚሠሩ የሥነ ልቦና ማዕከላት አሉ፤ የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አንቺ እስከ በሩ ሸኚው፤ መግባትሽን እሱ ይወስን።

የዛፉን ነገር ካነሳሽ፣ ዛሬ የሚታየው ሂፖክራተስ ከሥሩ ተቀምጦበታል የሚባለው ራሱ አይደለም፤ ዕድሜው ወደ 500 ዓመት ነው ይባላል። ቅርንጫፎቹም በብረት ተደግፈው ነው የቆሙት። ምናልባት አንድ ቀን ባለቤትሽ ራሱ እጅሽን ይዞ ያሳይሽ ይሆናል። ለጊዜው ግን ሆቴሉን ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻለው እስከ መቼ እንደሆነ ዛሬ ማታ እዪው።