የቅዳሜ ሌሊት ጭውውት፦ ተዋናዮቹ ወዴት ነው የሚያዩት?

ጥያቄ፦ በአሜሪካው በቀጥታ በሚተላለፍ የቴሌቪዥን የቀልድ ጭውውት ዝግጅት፣ «ሳተርደይ ናይት ላይቭ»፣ የአዲስ ምዕራፍ መክፈቻ ላይ ተዋናዮቹ እርስ በርስ ከመተያየት ይልቅ ዓይናቸው ወደ ጎን ይሄዳል። ቃለ ተውኔቱን አያጠኑትም?

መልስ፦ ቢያጠኑትም ብዙ አይረዳቸውም፤ ጽሑፉ ስርጭቱ እስኪጀመር ድረስ ይለዋወጣል። የሚያዩት ከካሜራው አጠገብ የተያዘውን፣ በእጅ የተጻፈ ትልቅ ካርቶን ነው። ቴሌፕሮምፕተር (ጽሑፉን በስክሪን የሚያሳይ ማሽን) የማይጠቀሙት ማሽን በቀጥታ ስርጭት መሐል ሊበላሽ ስለሚችል ነው። ካርቶን ላይ ግን የተቀየረችውን መስመር ብቻ ማረም ይበቃል። ችግሩ ከፊልም የመጣ እንግዳ አቅራቢ ላይ ይጎላል፦ ካርቶኑን አንብቦ እስኪጨርስ ይዘገይና ቀልዱ ይቀዘቅዛል። የለመዱት ተዋናዮች የመስመሩን መጀመሪያ ብቻ ሰርቀው ያዩና ፊታቸውን ወደ ባልደረባቸው ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው መክፈቻ መቼ ነበር?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 1975፣ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን፤ አቅራቢው ኮሜዲያኑ ጆርጅ ካርሊን ነበር። የዛሬውን ስም ያኔ ተፎካካሪው ጣቢያ ኤቢሲ ለሌላ ዝግጅት ይዞት ስለነበር ያገኙት በ1977 ነው።

ጥያቄ፦ በልምምድ ላይ ተመልካቹን ያሳቀ ጭውውት ለምን ይቀራል?

መልስ፦ ሰኞ ሐሳብ ይቀርባል፤ ማክሰኞ ሌሊቱን ሙሉ ይጻፋል፤ ረቡዕ 40 ገደማ ጭውውቶች ጠረጴዛ ዙሪያ ይነበቡና አብዛኞቹ እዚያው ይወድቃሉ። ሐሙስና ዓርብ መድረኩ ይገነባል፣ በካሜራ ፊት ልምምድ ይደረጋል። ቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት (በኒውዮርክ፣ በእኛ አቆጣጠር) ተመልካች ባለበት የመጨረሻው ልምምድ ይካሄዳል። ይህ ልምምድ ሆን ተብሎ ከስርጭቱ ይረዝማል፤ ከዚያ የዝግጅቱ ፈጣሪና ፕሮዲዩሰር ሎርን ማይክልስ የትኛው እንደሚቀር ይወስናል። ስርጭቱ የሚጀምረው 5 ሰዓት ተኩል ነውና ጊዜው ጠባብ ነው።

ሳቅ ብቻውን አያድንም። አንዱ ተዋናይ በተከታታይ በሁለት ጭውውት ውስጥ ካለ፣ ልብስና ዊግ የሚቀይርበት ማስታወቂያ በመሐል ያስፈልገዋል፤ ከሌለ ወይ ቅደም ተከተሉ ይቀየራል፣ ወይ አንዱ ይወጣል። ሰዓት ካለፈ ደግሞ መጀመሪያ የሚሠዋው ከሌሊቱ 7 ሰዓት አቅራቢያ የተመደበው ነው፤ የሚያሳዝነው፣ እንግዳ እንግዳ ሐሳቦች የሚገቡት እዚያው ላይ መሆኑ ነው። በመክፈቻ ሳምንት ዝግጅቱ ዕረፍት ላይ በነበረባቸው ወራት የተጠራቀመው ፖለቲካ ሁሉ መግቢያው ላይ ይታጨቃል፤ በእኛ ግምት የምሽቱ ረጅሙና ደካማው ክፍል ብዙ ጊዜ እሱ ነው።