ጎሚኒ ተቀይሮም የሚያፈስ የኋላ ፍሬን

ጥያቄ፦ የቆየች ሃይሉክስ አለችኝ። የኋላ ቀኝ ጎማዋን የፍሬን ሲሊንደር ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደውን ላስቲክ) ራሴው ቀየርኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጎማው በውስጥ በኩል ረጠበ፤ ፔዳሉም ሲረገጥ ይሰምጣል። ድጋሚ ጎሚኒ ልግዛ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይግዙ፤ መጀመሪያ የፈሰሰው ምን እንደሆነ ይለዩ። ወፍራምና የሚከረፋ ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ ጥፋቱም ከአክሱ የዘይት ማገጃ ጎማ እንጂ ከፍሬኑ አይደለም። ቀጭን ከሆነና የፍሬን ዘይቱ ከጎደለ ግን ታምቡሩን (የፍሬኑን ክብ ብረት ሽፋን) አውልቀው የሲሊንደሩን የአቧራ መከላከያ ጎማ ገለጥ ያድርጉ። እዚያ እርጥብ ከሆነ ጎሚኒው አሳልፏል።

አዲስ ጎሚኒ ለምን ያሳልፋል? አብዛኛውን ጊዜ የሲሊንደሩ ውስጥ በዝገት ስለተበላ ነው። ጥፍርዎን ሲያሳልፉበት ከያዘ ሙሉውን ሲሊንደር ይቀይሩ፤ ጎሚኒ መደጋገም ብር ማባከን ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ ነው፣ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። በንጹህ የፍሬን ዘይት ይጠቡት።

ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ የሚይዘው) በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግም አይድንም። የግራውንም የቀኙንም አብረው ይቀይሩ፤ አለዚያ መኪናዋ ሲይዟት ወደ አንድ ጎን ትስባለች።

ከዚያ ዶት 3 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ሞልተው፣ ከዋናው ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው) ከሚርቀው ጎማ ጀምረው አየሩን ያስወጡ። የወጣውን ዘይት መልሰው አይጨምሩ። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በመጨረሻ ሞተሩን አስነስተው ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ አጥብቀው ይርገጡ። የትም ሳያፈስ ቀስ እያለ ከሰመጠ ችግሩ ዋናው ሲሊንደር ነው።