ከቸርች ከወጡ በኋላ የሚቀር ፍርሃት፦ ለእህታችን ጥያቄ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከልጅነትሽ ጀምሮ ያገለገልሽበትን ቸርች ከለቀቅሽ ወራት አልፈዋል። ስትወጪ የቸርቹ ነቢይ «ከዚህ ሽፋን (ከእኛ መንፈሳዊ ጥበቃ ማለቱ ነው) ከወጣሽ በልጅሽ ታዪዋለሽ» ብሎሻል። ልጅሽን ባተኮሰው ቁጥር ያ ቃል ይመጣብሻል። እናትሽ አኩርፈውሻል። «እግዚአብሔርን ትቼው ይሆን? ይሄ ፍርሃትስ መቼ ነው የሚለቀኝ?» ብለሻል።

እኔም ከዚያው ዓይነት ቤት ነው የወጣሁት። ኳየር ውስጥ ነበርኩ። አንድ ቀን በአገልጋዮች ስብሰባ ላይ ስለ ሕንፃው ገንዘብ ጠየቅኩ። በሳምንቱ እሑድ ስሜ ከመድረክ ተጠርቶ ከአገልግሎት መታገዴ ተነገረ። በመጽሐፍ ቅዱስ ነቢያትን ባሳደደችው ንግሥት ስም «የኤልዛቤል መንፈስ አለባት» ተባለ። አጠገቤ ተቀምጣ የነበረችው ጓደኛዬ ቦርሳዋን አንስታ ወንበር ቀየረች። ከተባልኩት ሁሉ በላይ እስከ ዛሬ የሚያመኝ ያ ነው።

ፍርሃቱ ቶሎ አይለቅም። አለመልቀቁ ግን ትንቢቱ እውነት ነው ማለት አይደለም። እስቲ እዚያ እያለሽ ትሰሚው የነበረውን አስታውሺ። ከቸርቹ የወጣ ሰው መኪና ቢገጨው ከመድረክ ይነገራል። ወጥቶ አግብቶ፣ ወልዶ፣ በሰላም የሚኖረው ግን ስሙም አይነሳ። እዚያው ያለው ሰው ልጁ ሲታመምበት «ፈተና ነው፣ በርታ» ይባላል። ያው ትኩሳት፣ ውስጥ ላለው ፈተና፣ ለወጣው እርግማን ይሆናል። እንዲህ እየሰማ ያደገ ሰው እንዴት አይፍራ?

ስለዚህ ልጅሽን ሲያተኩሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ። ጸሎት ከፈለግሽ በመንገድ ላይም ይጸለያል። እኔን በጣም የረዳኝ ደግሞ ደብተር ነው። የሚያስፈራኝ ቃል ሲመጣብኝ እጽፈዋለሁ። ከጎኑ ማን እንደተናገረው እጽፋለሁ። «እግዚአብሔር ነው የሚለኝ» ስለው የኖርኩት ነገር አብዛኛው የአንድ ሰው ንግግር ሆኖ አገኘሁት። ድምፁ፣ አነጋገሩ፣ ቁጣው ሳይቀር የእሱ ነው።

«የተቀባውን አትንኩ» የሚለው ጥቅስም እንደሚያስጨንቅሽ ጽፈሻል። መዝሙር 105ን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው። የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው። በቁጥር ጥቂት ሆነው፣ በሰው አገር በእንግድነት ሲንከራተቱ፣ ነገሥታት እንዳይጎዷቸው የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው። ኃይለኛውን ከደካማው ጥያቄ ለማዳን የተጻፈ አይደለም። ጳውሎስ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል፤ ገላትያ 2 ላይ አለ። ዘዳግም 18ም ነቢይ የተናገረው ሳይፈጸም ሲቀር «አትፍራው» ይላል። መጽሐፍ ቅዱስ መክፈት ራሱ ልብሽን የሚያስመታው ከሆነ ግን ለጊዜው ተዪው። እኔ ለረጅም ጊዜ መክፈት አልቻልኩም ነበር፤ እግዚአብሔር በዚህ የሚቀየም አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለአንድ ሽማግሌ ነው። በደርግ ዘመን ቸርች ተዘግቶ ከቤት ወደ ቤት እየተደበቁ ካመለኩት፣ ለእምነታቸውም ከታሰሩት አንዱ ናቸው። ጋሼ ሰምተውኝ ሲጨርሱ እጃቸውን አልጫኑብኝም፣ ትንቢትም አልነገሩኝም። «ልጄ፣ እኛን ያስፈራሩን የነበሩት አሳሪዎቻችን ነበሩ እንጂ እረኞቻችን አልነበሩም» አሉኝ። ከዚያ ቡና አስፈሉልኝ። እንደዚህ ዓይነት አንድ ሰው ፈልጊ። የሚሰማሽ፣ የማይቸኩል፣ የነገርሽውን ወስዶ የጸሎት ርዕስ የማያደርገው።

እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ደረትሽን የሚያፍንሽ ከሆነ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ሰው ማዋራት ብቻውን አይበቃም። ነገ ዛሬ ሳትይ ወደ ባለሙያ ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ ግን ተመላላሽ ሕክምና አለው፣ ታይቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ብዙ ነው። የግል አማካሪ የምትመርጪ ከሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። በከተማችን አገልጋይም አማካሪም የሆኑ ሰዎች አሉ። «በምክር ሰዓት ጸሎትና ትንቢት አልፈልግም» በያቸው። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይከፋም። እንዲህ ዓይነቱን ጉዳት የሚያጠኑ ሰዎችም አሉ። ማርሊን ዊኔል የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ2011 እ.ኤ.አ. «Religious Trauma Syndrome» (ከሃይማኖት የመጣ የሥነ ልቦና ጉዳት እንደማለት) የሚል ስም አውጥታለት ጽፋበታለች። በይፋ የበሽታ ዝርዝር ውስጥ የገባ ስያሜ አይደለም። ቢሆንም እኔ ስለዚህ ሳነብ «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» ብዬ ነው ያለቀስኩት።

የቸርቹን የቴሌግራም ግሩፕ ዛሬውኑ ልቀቂ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የሚገባው የጸሎት ጥሪና የድምፅ መልእክት ሰውነትሽን እዚያው ያቆየዋል። «ስላንቺ እንድንጸልይ ሸክም አለብን» እያሉ የሚደውሉትን «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ብለሽ ዝጊው። ማስረዳት የለብሽም።

እናትሽ ሌላ ናቸው። እሳቸውም የሚፈሩት ያንኑ ነው፤ ላንቺ ፈርተው ነው ያኮረፉት። ስለ ነቢዩ አትከራከሪያቸው፣ ጭራሽ ይብስባቸዋል። የልጅ ልጃቸውን ይዘሽ ሂጂ፣ ምሳ ብሉ፣ መድኃኒታቸውን ግዢላቸው። ወሬው ወደ ቸርች ሲዞር «እማዬ፣ እሱን ዛሬ እንተወው» በያቸው። የእኔ እናት ስልኬን ማንሳት የጀመረችው እንዲህ እየሆነ ነው፤ ስለ ቸርቹ ግን እስካሁን አልተስማማንም።

ሌላ ቸርች ልሂድ ወይ ላልሽው፣ አትቸኩዪ። ስትሄጂም ከኋላ ተቀመጪ፣ አገልግሎት አትያዢ፣ ስልክሽን አትመዝግቢ። ከዚያ ከምእመናኑ አንዱን «ፓስተሩ ሲሳሳት ማን ነው የሚነግረው? ሂሳቡን ማን ነው የሚመረምረው?» ብለሽ ጠይቂ። ሰው ጠቅሶ፣ አሠራሩን ነግሮ ከመለሰልሽ በሚቀጥለው እሑድም ሂጂ። ጥያቄው ራሱ ካስቆጣው ጫማሽን አጥብቀሽ ውጪ።