«ደመወዙ ይቅርና የአየር ሰዓቱን ውሰጂ» ሲሉሽ

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የግል ኤፍ ኤም ጣቢያ 7 ዓመት የጠዋቱን ፕሮግራም አቅርበሻል። ባጃጅ ውስጥ ገብተሽ መውረጃሽን ስትናገሪ ሹፌሩ በድምፅሽ ያውቅሻል። ጣቢያው ግን ደመወዝ ካልከፈለ 2 ወር ሆነው። አሁን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ጠርተው «የ18 ሺህ ብር ደመወዝሽ ይቅርና የአየር ሰዓቱን ራስሽ ያዢው፣ ስፖንሰር አምጪ፣ ገቢውን እኩል እንካፈል» አሉሽ። ከአዲስ አበባም አንድ ጣቢያ «ነይ» ብሎሻል። እናትሽ ደብረ ሲና ስለሆኑ መራቁ ከብዶሻል።

መልሴን ላስቀድም፦ ደመወዙን ትተሽ የአየር ሰዓቱን ለመያዝ ብለሽ የመልቀቂያ ወረቀት እንዳትፈርሚ። ቢያንስ አሁን አትፈርሚ።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም። የግል ሬዲዮ በእውነት ተቸግሯል። በ2011 ዓ.ም የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ ከትልልቆቹ ስፖንሰሮች መካከል ብዙዎቹ በአንዴ ወጡ፤ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ የማሰራጫ መለዋወጫ ዋጋ ሰማይ ነካ። ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም። የቀረበልሽ ውል ግን ችግሩን ከጣቢያው ትከሻ አንስቶ አንቺ ትከሻ ላይ ያወርደዋል። ስፖንሰር ካልመጣ የወር ገቢሽ ዜሮ ነው። ሠራተኛ መሆንሽም ያበቃል፤ አሠሪው ለጡረታሽ የሚያዋጣው 11 በመቶ የለም፣ የዓመት ፈቃድ የለም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። የግል ድርጅት ስለሆነ የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። ጣቢያው ቢዘጋ ወይም በሕጉ መሠረት ሠራተኛ ቢቀንስ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚያን ሲሶ የስንብት ክፍያ ያስብልሻል። 18 ሺህ፣ ሲደመር 6 ጊዜ 6 ሺህ፣ 54 ሺህ ብር ማለት ነው። በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 36 ሺህ ብር ገደማ ይጨመራል። ወደ 90 ሺህ ብር ሆነ፤ ውዝፍ ደመወዝሽና ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድ ሳይቆጠር። 5 ዓመት ስላለፈሽ፣ ላሠለጠኑሽ ብለሽ የገባሽው የማገልገል ግዴታ ከሌለብሽ፣ በፈቃድሽ ብትለቂም 54 ሺውን አታጪም። የምታጪው የ60 ቀኑን ነው። ዛሬ የምትፈርሚያት አንዲት ገጽ 36 ሺህ ብር ልታስከፍልሽ ትችላለች ማለት ነው።

ያልተከፈለሽን ደመወዝም ዝም ብለሽ አትጠብቂ። የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ በሕግ መጠየቅ አትችዪም ማለት ነው። በጨዋ ቋንቋ ጻፊላቸው፣ መዝገብ ቤት አስገቢና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቺ። ድርጅት ሲከስር የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ይቀድማል፤ ቢሆንም ቅድሚያው የሚጠቅመው የሚከፈል ነገር እስካለ ድረስ ነው፣ ስለዚህ አትዘግዪ።

የአየር ሰዓቱን ጉዳይ ግን ጨርሰሽ አትዝጊው። ብዙ ስመ ጥር አዘጋጆች የሚኖሩት በዚሁ ነው፣ የአየር ሰዓት ገዝተው። መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ማስታወቂያው የሚመጣው በማን ስም እንደሆነ ነው። ፕሮግራምሽ ላይ ከሚያስነግሩት ሦስቱን ምረጪ፤ የብርድ ልብስ ነጋዴውን፣ የሆቴሉን ባለቤትና የኮሌጁን ሰው እንበል። ሱቃቸው ድረስ ሂጂ። «ፕሮግራሙን በራሴ ብይዘው ለ6 ወር ቅድሚያ ትከፍላላችሁ?» በያቸው። «አንቺማ የኛ ልጅ ነሽ» የሚለውን መልስ አትቁጠሪው፤ ይህን ሁሉም ይልሻል። የምትቆጥሪው ስንት ብር፣ መቼ፣ በማን ስም እንደሚከፍል የነገረሽን ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ቁርጥ ያለ መልስ ከሰጡሽ ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለሺና አዲሱ ውል የስንብት መብትሽ ከተከፈለ በኋላ እንዲጀምር ጠይቂ። ገቢውን ከመካፈላችሁ በፊት የትኛው ወጪ እንደሚቀነስም በጽሑፍ ይቀመጥ። ጠቡ ሁሌ የሚነሳው እዚያች ጋ ነው።

ስለ አዲስ አበባው አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፦ ደመወዝ ነው ወይስ የአየር ሰዓት? የአየር ሰዓት ከሆነ እዚያ ስፖንሰር አታውቂም፣ የቤት ኪራዩም ሌላ ነው፣ ከሁለት ያጣ ሆነሽ እንዳትቀሪ። ደመወዝ ከሆነና የሙከራ ጊዜው በውል ከሰፈረ ግን እኔ ብሆን እሄዳለሁ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ናት፣ ደብረ ሲናም ከዚያ ብዙ አትርቅም። እናትሽን በወር ሁለቴ ታያቸዋለሽ።

የቀረው ወረቀት ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ጣቢያ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጠፋው ፈራሚው ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን አሁን አውጪ። የሥራ ግብር እንደተከፈለልሽ የሚያሳይ ማስረጃም ከገቢዎች ያዢ፤ ነገ ዩኒቨርሲቲ ወይም ፋብሪካ ውስጥ ለሕዝብ ግንኙነት ብትወዳደሪ ግብር ያልተከፈለበት የግል ልምድ አይቆጠርልሽ ይሆናል። ጡረታሽ በየወሩ ገቢ መደረጉንም ሄደሽ አጣሪ። ሌላው የፕሮግራሞችሽ ቅጂ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ሠራተኛ ሆነሽ የሠራሽው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ስለዚህ በፍላሽ ገልብጠሽ ከመውጣት ይልቅ «ለሥራ ማመልከቻ ናሙና እንድጠቀም ይፈቀድልኝ» ብለሽ ጻፊ። አሥር ምርጥ ዝግጅቶች ይበቁሻል። ከአድማጭ ጋር በስልክ የተነጋገርሽባቸውን አብዢ፣ ቀጣሪ ችሎታሽን የሚሰማው እዚያ ላይ ነው።

ነጋዴዎቹ ያሉሽን ጻፊልኝ። የውሉን ረቂቅም ከሰጡሽ ሳትፈርሚ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።