የሁዳዴ ቅቤ፦ ለወጣት የብድር ባለሙያዎች

በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም የገጠር ቅርንጫፍ በቅርቡ የተቀጠረች የእህቴ ልጅ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ደንበኞቼ ሁሉም ማለት ይቻላል ቀን ሳያሳልፉ ይከፍላሉ። ታዲያ ለምን ከዓመት ዓመት ኑሯቸው ያው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። «ወለዱ ከብዷቸው ይሆናል» ብዬ በአጭሩ መለስኩላት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መልሴ ለራሴም አልዋጥልህ አለኝ። ወለድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለእርሷ ያልነገርኳትን ለእናንተም ለእኩዮቿ ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው።

ደንበኛ አክብሩ፣ ደረሰኝ ቁረጡ፣ እጃችሁን ንጹሕ አድርጉ አልላችሁም። ይህን ከእናታችሁ ጡት ጋር ካልጠባችሁት እኔ በደብዳቤ አላስተምራችሁም።

እኔ ወደ ሥራው የገባሁት አዋጅ ቁጥር 40/1988 ወጥቶ የአነስተኛ ብድር ተቋማት ፈቃድ እያወጡ በየወረዳው በሚስፋፉበት ዘመን ነው። የገጠር ሴት ከባንክ ብድር ታገኛለች ማለት ያኔ እንደ ቀልድ ይሰማ ነበር። ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ እርሷ በስሟ ቤት የላት፣ መሬቱ የመንግሥት ነው፣ በሬው የባል ነው። ስለዚህ መያዣው ጎረቤት ሆነ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተዋውቀው፣ ተማምነው ቡድን ይመሠርታሉ፤ አንዷ ብትሰናከል ሌሎቹ ይከፍሉላታል። ሐሳቡ ከባንግላዴሽ የመጣ ነው። ፕሮፌሰር ሙሐመድ ዩኑስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጆብራ በምትባል መንደር ከኪሳቸው 27 ዶላር ለ42 ሰዎች አበድረው ጀመሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 እርሳቸውና ያቋቋሙት ግራሚን ባንክ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተጋሩ። ገንዘቡን እየቆራረጡ በአጭር በአጭር ጊዜ ማስከፈልም ከዚያው የተቀዳ ልማድ ነው። የባንግላዴሽ ሴት ሁዳዴን አትጾምም ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

የምሠራው በዳንግላና በዱርቤቴ መካከል ባሉ ቀበሌዎች ነበር። ላሙም ሣሩም የሞላበት አገር ነው። ከደንበኞቻችን መካከል አንዲት ቅቤ ነጋዴ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት። ገበያ ላይ ሲገዙ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። የቅቤውን ድቡልቡል በመዳፋቸው መዘን ያደርጉና ስንጥር እስከ መሐሉ ሰድደው፣ አውጥተው ያሸቱታል። ላዩ ለጋ፣ ውስጡ የከረመ እንዳይሆን፣ ድንች ወይም ሙዝ እንዳይለወስበት ነው። ሻጯ ብትምልም ባትምልም ስንጥሩን አምነው ዋጋ ይናገራሉ፤ ከተናገሩ በኋላ ደግሞ አይጨምሩም።

ጥር ላይ 1,000 ብር ተበደሩ። በዚያ ዘመን ለቅቤ ንግድ ደህና መነሻ ነበር። ብሩን ከፈረሙ በኋላ አልተነሡም። «ልጄ፣ የየካቲቱንና የመጋቢቱን ክፍያ ለፋሲካ አንድ ላይ ልስጥህ?» አሉኝ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ እንደ ሕፃን አስረዱኝ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ቅቤ የሚበላ የለም፤ ላሟ ግን አትጾምም። ገበያው በቅቤ ይሞላል፣ ገዢው ለጠጉር የሚፈልግ ብቻ ይሆናል፣ ዋጋው ይወድቃል። ያኔ የገዛ ሰው ግማሹን አንጥሮ፣ ግማሹን በማሰሮ በቀዝቃዛ ቦታ አቆይቶ ለፋሲካ ዋዜማ ያወጣዋል። ከፋሲካም በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ገዢ አይጠፋም። የዓመቱ ትርፍ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄውን ይዤ ወደ ቅርንጫፉ ሄድኩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቅጹ ላይ «ወርሃዊ» የሚል ቃል እንጂ «ሁዳዴ» የሚል ሣጥን አልነበረም። አይሆንም ተባለ።

መጋቢት ላይ በገበያ ቀን አገኘኋቸው። ያከማቹትን ቅቤ ለክፍያ ሲሉ እያወጡ ይሸጣሉ፤ የሚገዛቸው ከባሕር ዳር በጭነት መኪና የመጣ ነጋዴ ነው። በዚያ ቅናሽ ዋጋ እያከማቸ፣ እርሳቸው ሊያደርጉት የነበረውን እርሱ ያደርጋል። የእኛ ብድር ድሃዋን ሻጭ፣ ሀብታሙን ገዢ አደረገ። ክፍያቸውን በቀኗ አመጡ። ሪፖርታችን ላይ በአርአያነት ከተመዘገቡት ደንበኞች አንዷ እርሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝም ይኸው ነው። እኛ ዘንድ የተሳካ ብድር፣ እርሳቸው ዘንድ ባክኖ የቀረ ዓመት።

በዓመቱ ተመልሰው አልተበደሩም። ወደ ቀድሞው እቁባቸው ገቡ። እዚያ ዕጣው ቀድሞ የወጣላት ሴት ለጾሙ ጊዜ ታለዋውጣቸዋለች፤ ማን መቼ ገንዘብ እንደሚያስፈልገው መንደሩ ያውቃልና።

እዚህ ላይ እቁብን አመስግኜ ዝም ልል ነበር። ግን እቁብ አዲስ ሰው በቀላሉ አያስገባም፤ የመጨረሻው ዕጣ የደረሳት ሴት ደግሞ አበዳሪ እንጂ ተበዳሪ አይደለችም። ወርሃዊ ክፍያንም ሙሉ በሙሉ ላወግዝ አልችልም። «በየወሩ ውሰዱልኝ፤ ቤት ካደረ ባሌም ዘመዴም ያነሣዋል» የሚሉኝ ሴቶች ጥቂት አልነበሩም። ቁጥጥሩ ጠቅሟቸዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ሲታደል የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎበት ሲመጣ፣ ያቺኑ የራሷን ፎቶ በጣቷ እየነካች «እኔም አለሁበት?» ያለችውን አንዲት አሮጊት አስታውሳለሁ። የትኛውም ብድር ከዚያ ደብተር የበለጠ አንገቷን አላቀናም ባይ ነኝ።

ይህ የእኔ የሽማግሌ ቁጭት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በአማራና በኦሮሚያ ቀበሌዎች በዕጣ ተመርጠው ብድር የተስፋፋባቸውን ካልተስፋፋባቸው ጋር ያነጻጸረ ጥናት ነበር። ተበዳሪው ብዙ ጨመረ፤ ኑሮው ግን በአብዛኛው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአምስት ሌሎች አገሮች ጥናቶች ጋር አብሮ ሲታተም የሁሉም ድምር ተመሳሳይ ነበር፦ ጥቂት ጥቅም፣ ተአምር የለም። በህንዷ ኮልካታ ከተማ ግን የመጀመሪያውን ክፍያ ከሁለት ሳምንት ወደ ሁለት ወር ሲያዘገዩላቸው ሴቶቹ ንግዳቸው ላይ የበለጠ ገንዘብ አፍስሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ትርፋቸው በልጦ ተገኝቷል። አለመክፈልም አብሮ ጨምሯል፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ አታላይ እሆናለሁ። በምዕራብ ኬንያም በመኸር ወቅት ብድር ያገኙ ገበሬዎች በቆሎአቸውን በርካሽ ከመሸጥ ድነው፣ ዋጋ እስኪወጣ አቆይተው ተጠቅመዋል። ኬንያዊው በቆሎ የእኛ የሁዳዴ ቅቤ ነው።

የዛሬ ልጆች ብልሆች ናችሁ፤ ትዕግሥት ግን የላችሁም። ገበያ ውላችሁ ጫማችሁ አቧራ ሳይነካው የደንበኛውን ሕይወት ከኮምፒውተር ሰንጠረዥ ታነባላችሁ። ቴሌብር በስልክ ብድር መስጠት ከጀመረ ወዲህ ይህ ብሷል። አልቃወመውም፤ ቅርንጫፍ ድረስ የግማሽ ቀን መንገድ የምትሄድ እናት በደቂቃ ብር ማግኘቷ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስልኩ ስንት ብር እንዳላት ሲያውቅ ላሟ መቼ እንደምትወልድ አያውቅም። በአጭር ቀን የሚመለስ ብድር ለሱቅ ይሆናል፤ በግ ለምታደልብ ሴት ግን በጉ ሳይሰባ ቀኑ ይደርሳል።

የእህቴ ልጅ ሆይ፣ ከጥያቄሽ ጋር የሚመጣ ሥራ አለ። ደንበኛሽ ቅጹን ከመሙላቷ በፊት አሥራ ሦስቱን ወራት በአንድ ወረቀት አስምሪ። የምትገዛበትን ወር፣ የምትሸጥበትን ወር፣ ጾሙን፣ ገናንና ፋሲካን፣ ማዳበሪያ የሚከፈልበትንና የልጆች ደብተር የሚገዛበትን እርሷ እየነገረችሽ ሙዪ። ከዚያ የክፍያ ቀኑን የት ላይ እንደምታስቀምጪው ሁለታችሁም ታዩታላችሁ። ከዘንድሮው ሁዳዴ መግቢያ አንሥተሽ እስከ ጰራቅሊጦስ በየገበያው ቀን የቅቤውን ዋጋ በደብተርሽ መዝግቢ፤ በግና እህልም ጨምሪ። ስትጨርሺ ለኃላፊሽ ከእጅሽ ስጪው፤ በኢሜይል አይደለም። የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ለጥቂት ቡድኖች በሙከራ እንዲፈቀድልሽ ጠይቂ። እምቢ ቢልሽ የሚቀጥለውን ዓመት ዋጋ ጨምረሽ እንደገና ግቢ።